ኮሶዬ ላይ የቆምንበት ጠዋት

ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚጓዝ ሰው ኮሶዬን ሳያይ አያልፍም። ከተማዋን ለቆ ሽቅብ ሲወጣ ቆይቶ፣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሄድ መንገዱ ከገደሉ አፋፍ ጋር ይጠጋል። በአንድ በኩል የወገራ ደጋ ከነገብሱና ከነባቄላው ተዘርግቷል። በሌላው በኩል ምድሩ ድንገት ይቆረጥና ወደ አርማጭሆ ቆላ ይወርዳል። ሰማዩ የጠራ ዕለት ዓይን የሚደርስበት ርቀት ያስደንቃል፤ ጭላዳዎች አፋፉ ላይ ተቀምጠው ሣር ሲነጩ ይታያሉ። ስሙ የኮሶን ዛፍ ያስታውሳል፤ ያን እናቶቻችን በልጅነታችን አፍንጫችንን ይዘው ያጠጡን የነበረውን መራራ መድኃኒት።

እኛ ግን ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚያ መንገድ የሄድነው ለሽርሽር አልነበረም። ወሩ ሐምሌ ነው። ደባርቅ ላይ የአንድ ዘመዳችን አርባ ይወጣ ስለነበር ከጠዋቱ 3 ሰዓት መድረስ ነበረብን። መኪናውን የሚነዳው ልጄ ነው። እኔ ከጎኑ፣ ባለቤቴና እናቴ ከኋላ፣ በመካከላቸው ደግሞ የሰባት ዓመቷ የልጅ ልጄ ተቀምጣለች።

በ12 ሰዓት እንነሳለን ብለን ነበር። ልጄ በሰዓቱ መኪናውን አሙቆ ጠበቀን። ቡናው ሳይፈላ አይወጣም ያልኩት እኔ ነኝ፤ ቶናው አልቆ በረካው ካልተጠጣ ያልኩትም እኔው ነኝ። ከዚያ ጃንጥላ ተረሳ፣ ከዚያ ለተዝካሩ የሚወሰደው ዕቃ ተረሳ። ከግቢ ስንወጣ 1 ሰዓት ከ20 ሆኗል። ገና የከተማዋን ዳር ሳንለቅ «ትንሽ ጫን በል፤ እንዳናፍር» አልኩት።

ሽቅብ መውጣት እንደጀመርን ከፊት የሚመጣ አይሱዙ መብራቱን ሁለት ጊዜ ብልጭ አደረገ። ልጄ ወዲያው ፍጥነቱን ቀነሰ። ጥቂት እንደሄድን ትራፊክ ፖሊስ ከመንገዱ ዳር ቆሟል። እጁን አንስቶ ሰላም አለን፤ እኛም በትሕትና አለፍን። ኩርባውን እንደዞርን ልጄ እንደገና ነዳጅ ሰጠ። እኔም ደስ አለኝ።

ከኋላ ትንሿ ልጅ «አጎቴ፣ ቀስ የምንለው ፖሊስ ሲኖር ብቻ ነው?» ብላ ጠየቀች። ሁላችንም ሳቅን። መልስ የሰጣት ግን የለም።

ኮሶዬ ስንደርስ ጉሙ ከቆላው እየተነሳ መንገዱን ሸፍኖታል። ክረምት ላይ እዚያ አፋፍ ላይ የተለመደ ነው፤ አሁን ብሩህ የነበረው ከመቶ እርምጃ በኋላ ነጭ ግድግዳ ይሆናል። ልጄ መብራት አበራ እንጂ ፍጥነቱን ብዙም አልቀነሰም፤ ወደ 70 ነበር። ከዚያ ከጉሙ ውስጥ በጎች ወጡ። ከበጎቹ መካከል ገሳ የለበሰ አንድ ልጅ። ገሳው የሣር ቀለም ያለው፣ ጉሙ ነጭ፣ አስፋልቱ እርጥብ፤ እስክንቀርበው ድረስ ሰው መሆኑ አልለየንም።

ፍሬኑ ጮኸ። መኪናው ወደ ጎን ተንሸራቶ ቆመ። በእኛና በልጁ መካከል የቀረው የአንድ አልጋ ርዝመት ያህል ነው። እሱ አልጮኸም፣ አልሮጠም፤ በትሩን እንደያዘ ዓይን ዓይናችንን ሲያየን ቆየና በጎቹን እየነዳ ተሻገረ።

መኪናውን ከመንገዱ አውጥተን አቆምን። የልጄ እጅ ይንቀጠቀጣል። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ዝም ካለች በኋላ «ሟቹ እንደሆነ አይነሳ፤ እኛ ምን ያስቸኩለናል?» አለች። ለልጄ ያለችው መስሎት አንገቱን ደፋ። እኔ ግን ለማን እንዳለችው ገብቶኛል።

እዚያ አፋፍ ላይ ቆመን ጉሙ እስኪገለጥ ስንጠብቅ ሒሳቡን በልቤ ሠራሁት። ጎንደርና ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። በ12 ሰዓት ብንነሳ ሦስት ሰዓት ሙሉ ነበረን፤ አልፎ አልፎ እየቆምን፣ በአማካይ በ40 እንኳ ብንሄድ እንደርስ ነበር። በ1 ሰዓት ከ20 ስለተነሳን የቀረን 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው፤ ያ ማለት በአማካይ 60 ማለት ነው። ዳገት፣ ኩርባ፣ ከብትና ከተማ ባለበት መንገድ አማካዩ 60 እንዲሆን ሜዳ ሲገኝ 80ና 90 መንዳት ግድ ይላል። ልጄን ያስቸኮለው መንገዱ አይደለም፤ ያ ሦስተኛ ስኒ ነው።

ሌላም ሒሳብ አለ። በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በእያንዳንዱ ሰከንድ 19 ሜትር ይሄዳል። ሾፌሩ አይቶ እግሩን ወደ ፍሬን እስኪያደርስ ቢያንስ አንድ ሰከንድ ያልፋል፤ እስከዚያ መኪናው መቆም አልጀመረም። ከዚያ በኋላ ያለው ደግሞ ይበልጥ ያስፈራል፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅትም አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ሞት የሚያስከትል አደጋ የመድረስ ዕድል በ4 በመቶ ይጨምራል ይላል። ሕፃን ልጅ የቆመው እዚህ ቁጥር ውስጥ ነው።

ከኮሶዬ ከተነሳን በኋላ በዝግታ ሄድን። ፍርሃት ግን ብዙ ኪሎ ሜትር አይቆይም። አምባ ጊዮርጊስን አልፈን መንገዱ ሲለጠጥ፣ ፀሐይም ሲወጣ፣ እኔ ሰዓቴን አየሁ፤ ልጄ እኔን አየኝ። ከዚያ በመንገዱ ካሉት ከተሞች በአንዱ መግቢያ ላይ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመን። በዚህኛው ጊዜ መብራት ብልጭ ያደረገልን ሰው አልነበረም። የእኛ ዓይነት መኪና ከተማ ውስጥ ከ60 እንዳያልፍ ሕጉ ያዝዝ ነበር፤ መለኪያው 78 ይላል። ልጄ «ቀንሻለሁ እኮ!» አለ። እውነቱን ነው፤ ከ90 ቀንሷል። ሜዳ ላይ ለረጅም ጊዜ በፍጥነት የነዳ ሰው 78 የእግር መንገድ ይመስለዋል።

ፖሊሱ ጨዋ ሰው ነበር። የቅጣት ወረቀቱን ጽፎ ሲሰጥ ወደ ኋላ ወንበር አየና «እማማ፣ ልጆቹን እርስዎ ቀስ በሉ ይበሏቸው» አላት። እናቴም «ኮሶ ነው ልጄ፤ ሲጠጡት ይመራል፣ ግን ያሽራል» ብላ መለሰችለት። ደባርቅ የደረስነው አርፍደን ነው። አልወቀሱንም፤ እግራችንን አሳርፈው አበሉን።

ውድ አንባቢያን፣ የፍጥነት ቅጣት እንዳይደርስ ምን ይደረግ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ መልስ የሚፈልገው ፖሊሱ የት እንደቆመ ነው። ከፊት የሚመጣ ሾፌር መብራት ብልጭ ሲያደርግ ቀንሶ፣ ሲያልፍ መጨመር በሀገራችን የቆየ ልማድ ነው። ነገር ግን ያ ሾፌር የሚነግረን ፖሊስ መኖሩን እንጂ ገሳ የለበሰ ልጅ መኖሩን አይደለም። ከዚያ ቀን ወዲህ በቤታችን የያዝናቸውን ነገሮች ላካፍላችሁ።

መጀመሪያው ሰዓት ነው። የምንደርስበትን ሳይሆን የምንነሳበትን ሰዓት እንቆርጣለን፤ ለቡና፣ ለጎማና ለጉም ግማሽ ሰዓት እንጨምርበታለን። ካረፈድን ደግሞ ከመነሳታችን በፊት ወደምንሄድበት ቤት ደውለን «እንዘገያለን» እንላለን። ያ አንድ ስልክ የሾፌሩን እግር ከነዳጁ ላይ ያነሳዋል።

ሁለተኛው ዓይን ነው። ወደ ከተማ ሲገባ ሰውነት ይዋሻል፤ የማይዋሸው የፍጥነት መለኪያው ነው። የመጀመሪያው የባሕር ዛፍ አጥርና የመጀመሪያው ቆርቆሮ ቤት ሲታይ ሾፌሩ ወደ መለኪያው ይመልከት፤ የከተማውን ስም የያዘውን ምልክት አይጠብቅ። ሕፃናትና አህዮች ከምልክቱ በፊት ይጀምራሉና። የተፈቀደው ፍጥነት እንደ መኪናው ዓይነትና እንደ መንገዱ ደረጃ እንደሚለያይም መዘንጋት አይገባም፤ ለጭነት መኪና ከተማ ውስጥ የተፈቀደው ከቤት መኪና ያነሰ ነው።

ሦስተኛው ማርሽ ነው። ከኮሶዬ ወደ ጎንደር ቁልቁል ሲወረድ፣ ይልቁንም ከደባርቅ አልፎ ጣሊያን በወረራው ዘመን የቆረጠውን ሊማሊሞን ሲወረድ፣ ፍሬን ብቻውን አይበቃም። ፍሬን ሲግል ይደክማል። በምትወጣበት ማርሽ ውረድ ይላሉ የድሮ ሾፌሮች፤ ያኔ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዘዋል፣ ፍጥነቱም ከልክ አያልፍም። በጉም ጊዜ ረጅም መብራት ጉሙን መልሶ ዓይን ላይ ስለሚያበራ አጭሩን ማብራት፣ ማየት በሚቻለው ርቀት ውስጥ መቆም በሚያስችል ፍጥነት መሄድ ነው።

አራተኛው እኛው ነን፤ ወላጆችና አያቶች። ሚኒባስ ተኮናትረን ስንሄድ «ቶሎ ካደረስከን እንጨምርልሃለን» የምንል እኛ ነን። በገዛ መኪናችንም ልጆቻችን የሚነዱት በእኛ ፊትና በእኛ ሰዓት ነው። በሕዝብ መኪና ተሳፍረንም ቢሆን «ሾፌር፣ ቀስ በል ልጄ» የሚል አንድ የሽማግሌ ድምፅ ሲሰማ ሌላው ተሳፋሪ ይደግፈዋል፤ ሁሉም ፈርቶ የመጀመሪያውን ሰው ሲጠብቅ ነበርና።

ይህ ሁሉ ሆኖ ከተቀጣን፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ወረቀቶቹን ሰጥቶ፣ የተጻፈውን አንብቦ፣ በጊዜው መክፈል ነው። ያለ ደረሰኝ የሚሰጥ ብር ቅጣት አይደለም፤ ያንን ደግሞ ከኋላ የተቀመጡት ሕፃናት ያያሉ። ጥፋቱ በመንጃ ፈቃዱ መዝገብ ላይ ነጥብ ሆኖ ስለሚቆጠርና ነጥቡ ሲጠራቀም ፈቃድ ስለሚያሳግድ፣ በመኪና እንጀራውን የሚያበስል ልጅ ያለው ቤተሰብ ይህን አቅልሎ ማየት የለበትም።

ከደባርቅ የተመለስነው በማግሥቱ ነው። በ12 ሰዓት ተነሳን፤ ቡናውን ያፈላነው አልነበረም፣ በፔርሙዝ ይዘነዋል። ኮሶዬ ስንደርስ ሰማዩ ጠርቶ ነበር። አፋፉ ላይ ወርደን ቡናችንን ጠጣን፤ ትንሿ ልጅ ጭላዳዎቹን ስትቆጥር 40 ላይ ተሳሳተችና እንደገና ጀመረች። እኔ በጎቹን የሚጠብቀውን ልጅ በዓይኔ ስፈልግ ነበር። አላገኘሁትም።

ቁልቁል መውረድ ስንጀምር ከኩርባው በስተኋላችን ከብት የሚነዱ ሕፃናት አስፋልቱን ሊሻገሩ ነበር። ከታች አንድ መኪና እየበረረ ሽቅብ ይመጣል። ልጄ መብራቱን ሁለት ጊዜ ብልጭ አደረገለት። ሾፌሩ ትራፊክ ፖሊስ መስሎት ፈጥኖ ቀነሰ፤ በእጁም አመሰገነን።

ይሁን። ልጆቹ ግን ተሻገሩ።