ባልና ሚስት የበረዶ ሸርተቴ ስፍራ ሲመርጡ

ባልና ሚስት ከአንድ ወንዝ ይቀዳሉ የሚለውን ተረት ሁላችንም ከሕፃንነታችን ዠምሮ ሰምተነዋል። ነገር ግን ከአንድ ወንዝ የተቀዱት ሁለቱ በበረዶ ተራራ ላይ ሲቆሙ እኩል ይወርዳሉ ማለት አይደለም፤ አንዱ ይፈጥናል፤ አንዱ ይፈራል። እኛም ይህን ነገር በገዛ ቤታችን ስላየነውና በገዛ ጥፋታችን ስለ ተማርነው፤ ይህን ገጽ ለሚያነቡ ክቡራንና ክቡራት ጥቂት ለማስታወቅ ወደድን።

ሥራችን የፍርድ ቤት ጸሓፊነት ነው። ዳዊት የደገምነው በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት፤ የፈረንሳይን ቋንቋ የተማርነው ግን በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። ከዚያም በኋላ ሕግ ለመማር በስዊስ አገር በሎዛን ከተማ ሁለት ዓመት በተቀመጥን ጊዜ፤ ስኪ የሚባለውን የበረዶ ሸርተቴ ለመድን። ሁለት ረዣዥም ሳንቃ በእግር አሥሮ በበረዶ ላይ ቁልቁል መንሸራተት ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር ይመስላል። ሆኖም በፈረንጆች አቆጣጠር በ2006 ዓ.ም. በቶሪኖ በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ፤ ሮቤል ተክለማርያም ኢትዮጵያን ወክሎ በዚሁ በስኪ ስለ ተወዳደረ፤ ከእኛ ወገን የሚያውቀው የለም ማለት አይቻልም።

ባለቤታችን ግን ስኪን የቀመሱት ከተጋባን በኋላ፤ በዕድሜም ከጎለመሱ በኋላ ነው። አንድ ጊዜ ወድቀው ጉልበታቸው ስለ ታመመ፤ አይጠሉትም እንጂ እንደ እኛ ጥዋት ወጥተው ማታ እስኪመለሱ ድረስ አይወዱትም። በጄኔቭ የሚኖሩ ዘመዶች ስላሉን የዓመት ፈቃዳችንን በጥር ወር ከእነርሱ ዘንድ እናሳልፋለን፤ ከዚያም ውስጥ አንዱን ሳምንት ለተራራ እንለያለን።

ከሦስት ዓመት በፊት ስፍራውን የመረጥነው እኛው ብቻችንን ነበርን። የስፍራውን ስም አንጠራም፤ ጥፋቱ የእኛ ነው እንጂ የተራራው አይደለምና። ካርታውን ዘርግተን የቈጠርነው የጥቁሩን መንገድ ብዛት ነበር። አንባቢ እንዲረዳው፤ በአልፕስ ተራሮች መውረጃው መንገድ በቀለም ይለያል፤ ሰማያዊው ቀላል፤ ቀዩ መካከለኛ፤ ጥቁሩ ብርቱ ነው። በፈረንሳይ አገር ከሰማያዊው በታች ለዠማሪ አረንጓዴ አለ። በስዊስ ልማድ፤ አጭር አጭር ቦታ ካልሆነ በቀር፤ ሰማያዊው መንገድ በመቶ ሜትር 25 ሜትር፤ ቀዩም 40 ሜትር ከመውረድ አያልፍም። ነገር ግን ጭጋግ ሲወርድና በረዶው ሲጠነክር፤ ቀለሙ ያው ሆኖ ሳለ መንገዱ ሌላ ይሆናል።

በዚያ ስፍራ ለዠማሪ የተዘጋጀው ሜዳ ከሸለቆው ግርጌ በጥላ ውስጥ ነበር። ፀሐዩም፤ ምግብ ቤቱም፤ እኛም ከላይ ነበርን። ባለቤታችን ሁለት ቀን በዚያች ጠባብ ሜዳ ብቻቸውን ሲዞሩ ዋሉ። በሦስተኛው ቀን ቀላል ነው ብለን አግባባናቸውና በገመድ በሚሳበው ሰረገላ ወደ ላይ አወጣናቸው። ከላይ እንደ ደረስን ጭጋግ ወረደ፤ ሰረገላውም ስለ ነፋሱ ቆመ፤ ለመውረጃም ከቀዩ በቀር ሌላ መንገድ አልነበረም። ባለቤታችን ጥቂት እንደ ወረዱ በበረዶው ላይ ተቀመጡ። እኛም ከታች ሆነን «ይነሡ፤ ጉልበትዎን ዐጠፍ ያድርጉ፤ ወደ ፊት ያዘንብሉ» እያልን ስንጮኽ፤ ድምፃችን የባል ድምፅ መሆኑ ቀርቶ የበቅሎ ነጂ ድምፅ ሆነ። በግማሽ ሰዓት የሚወረደውን ቁልቁለት በሁለት ሰዓት ተኩል ስንጨርስ ከንፈራቸው ጠቍሮ ነበር።

አላለቀሱም፤ አልተቈጡምም። ማታ ግን ሻይ ቀርቦ ሳለ፤ «እርስዎ በሚሠሩበት ፍርድ ቤት ተከሳሽ ሳይጠራና ሳይሰማ ይፈረድበታልን?» ብለው ጠየቁን። መጥሪያ ደርሶት ካልቀረ በቀር አይፈረድበትም ብለን መለስን። «እንግዲያው ለእኔ መጥሪያው መቼ ደረሰኝ? ይህ ተራራ ሲመረጥ ማን ጠየቀኝ? ለሚመጣው ዓመት ብቻዎን ይሂዱ፤ እኔ ከዘመዶቻችን ጋር በጄኔቭ እቀመጣለሁ» አሉን።

ብቻዎን ይሂዱ የሚለው ቃል ከቍጣ ይልቅ ከበደን። መዝገብ ስንጽፍ በኖርንበት ዘመን የባልና የሚስት ክርክር ብዙ አይተናል፤ ብዙውም የሚዠምረው ከዱላ ወይም ከገንዘብ አይደለም፤ አንዱ ብቻህን ሂድ ካለበት፤ ሌላውም ደስ ብሎት ከሄደበት ቀን ነው።

ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ነገሩን መርምረን አምስት ጥያቄ ጻፍን። 1ኛ፤ ለዠማሪ የሚሆነው ሜዳ ፀሐይ ካለበት ከላይ ነውን፤ ወይስ ከግርጌ? 2ኛ፤ በእግሩ ሳንቃ መውረድ የፈራ ሰው በወጣበት ሰረገላ ወይም ባቡር ተመልሶ ሊወርድ ይችላልን? 3ኛ፤ ቀላሉ መንገድ ረዥም ሆኖ ከስፍራ ወደ ስፍራ ያደርሳልን፤ ወይስ በአንድ ቦታ ያዞራል? ደካማውም እንደ ብርቱው ጉዞ ይወዳልና። 4ኛ፤ ሳንቃውን ለፈታ ሰው የተደለደለ የእግር መንገድ ወይም ሌላ መዋያ አለን? 5ኛ፤ ከሁሉም የሚበልጠው፤ ቀትር ሲሆን ሁለቱ በየመንገዳቸው መጥተው በአንድ ገበታ ሊቀመጡ ይችላሉን?

ከዚህ በኋላ ሦስት ስፍራ መርጠን መዝገቡን ለባለቤታችን አቀረብን፤ ፍርዱንም ለእርሳቸው ተውን። መዠመሪያው ዜርማት ነበር፤ በቤንዚን የሚሄድ መኪና የማይገባበት፤ 4478 ሜትር ከፍታ ያለው የማተርሆርን ተራራ ከፊቱ የቆመ፤ በ1898 ዓ.ም. የተከፈተውም ባቡር ስኪ የማያውቀውን ሰው ሳይቀር እስከ ጎርነርግራት 3089 ሜትር የሚያወጣው ነው። ባለቤታችን ካርታውን አይተው፤ «መልካም ነው፤ ነገር ግን ከዚህ ተሻግሮ ወደ ኢጣልያ ይወረዳል፤ እርስዎ ጥዋት ኢጣልያ ከገቡ ለምሳ አይመለሱም» አሉ። ሁለተኛው ሎይከርባድ ነበር፤ የፍል ውሃ አገር ስለ ሆነ ለጉልበታቸው ይስማማል ብለን ነበር። «እኔ በውሃ፤ እርስዎ በበረዶ፤ ይህ ካለፈው በምን ይለያል?» አሉ።

ሦስተኛው ቬንገን ነው። ይህ በ1274 ሜትር ላይ ያለ መንደር ከውጭ የሚያገባ የመኪና መንገድ የለውም፤ ከላውተርብሩነን ሸለቆ የሚያወጣው በ1893 ዓ.ም. የተከፈተ ባለ ጥርስ ሐዲድ ባቡር ነው። ባቡሩ መንደሩን አልፎ 2061 ሜትር ላይ ወዳለው ወደ ክላይነ ሻይዴክ ይደርሳል፤ ከዚያም በ1912 ዓ.ም. የተፈጸመው ሌላ ባቡር የአይገርን ተራራ ሆድ ሰንጥቆ 3454 ሜትር ላይ ወዳለው ወደ ዩንግፍራውዮኽ ያወጣል። ከመንደሩም የገመድ ሰረገላ ወደ ሜንሊኸን ይወጣል፤ በዚያ ሰፊና ገር የሆነ ሰማያዊ መንገድ አለ። ለብርቱው ደግሞ ከ1930 ዓ.ም. ዠምሮ ውድድር የሚደረግበት የላውበርሆርን ቁልቁለት ከአራት ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ባለቤታችን፤ «ባቡር ካለ ለፈራ ሰው መመለሻ አለው» ብለው ፈረዱ። ውድድሩ በጥር አጋማሽ በፈረንጆች ወር ስለሚደረግና መንደሩ ስለሚሞላ፤ ከጥምቀት በኋላ ሄድን።

በዚያም ሁለት ነገር አደረግን። የማስተማሩን ሥራ ለአገሩ መምህር ሰጠን፤ ባል ለሚስቱ የስኪ መምህር ቢሆን ትምህርቱም ትዳሩም ይጐዳልና። ለባለቤታችንም የሳምንቱን ትኬት መግዛት ትተን የየቀኑን ገዛን፤ የተከፈለበት ትኬት ያልፈለጉትን ቀን እንዳያስገድዳቸው ነው። እርሳቸው ጥዋት ከመምህሩ ጋር ይማራሉ፤ ቀትር ሲሆን በክላይነ ሻይዴክ እንገናኛለን፤ ከምሳ በኋላም ሲሻቸው በእግር ይሄዳሉ፤ ሲሻቸው በባቡር ይወርዳሉ።

በመዠመሪያው ቀን እኛ አንድ ጊዜ ልጨምር እያልን አርባ ደቂቃ ዘገየን። ስንደርስ የታዘዘው ሾርባ ቀዝቅዞ ነበር። ባለቤታችን በጣታቸው ሰዓቱን አሳዩና፤ «ቀጠሮ ያከበርሁት እኔ ነኝ» አሉ። ከዚያ ወዲያ ቀድመን የምንጠብቀው እኛ ሆንን።

በአራተኛው ቀን ራሳቸው በፈቃዳቸው ወደ ሜንሊኸን እንውጣ አሉ። በሰማያዊው መንገድ እርሳቸው ቀድመው፤ እኛም ከኋላቸው ቀስ ብለን ወረድን። ሦስት ጊዜ ቆሙ፤ አንድ ጊዜም ወደቁ፤ እኛ ግን ምንም አልተናገርንም። አብዝተን ስለ ቆምን የአይገርን ገጽ ደኅና አድርገን ያየነው በዚያን ቀን ነው። የጥቁሩ መንገድ ናፍቆት ጨርሶ አልለቀቀንም፤ ስለዚህ በሳምንቱ ሁለት ጥዋት ብቻችንን እንድንሄድ በስምምነት ተፈቅዶልናል፤ እስከ ቀትር ብቻ ነው።

እንግዲህ ስፍራ የምትመርጡ ባለትዳሮች ሆይ፤ ብርቱው ሰው ደስታውን በየተራራው ሁሉ ያገኘዋል፤ ደካማው ግን የሚያገኘው በጥቂት ስፍራ ብቻ ነው። ስለዚህ ምርጫው ከጥቂቱ ይዠምር፤ ብርቱው በዚያ ውስጥ የራሱን ፈልጎ አያጣም።

ለዘንድሮው ጉዞ መዝገቡን የከፈቱት ባለቤታችን ናቸው፤ ለእኛም መጥሪያው በጊዜው ደርሶናል።