አንደበት ቢያዝ ሰው ከሥራው ይውጣን?

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾሙ። በ1902 ዓ.ም. ግን ጽኑ ሕመም አካላቸውንም አንደበታቸውንም ያዘው፤ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. እስኪያርፉም ድረስ በስማቸው ሌሎች ተናገሩ። በንጉሠ ነገሥት ይህ ከደረሰ በአንድ ጸሐፊ ላይማ እንዴት አይደርስ?

በአብዛኛው ሰው የንግግር ሥፍራው የአንጎል ግራ ክፍል ነው። ወደዚያ የሚሄደው ደም ሲታገድ፥ ወይም የደም ሥሩ ሲፈነዳ ቃል ይጠፋል፤ ማስተዋል ግን የግድ አብሮ አይጠፋም። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ እ.ኤ.አ. በ1861 አንዲት ክፍለ ቃል ብቻ ይናገር የነበረ በሽተኛ ሲሞት አንጎሉን መርምሮ፥ ጉዳቱን በግራው የፊት ክፍል አገኘ።

ከመካከላችን የአንዱ አጎት፥ እኛም «አቦይ» የምንላቸው፥ እዚሁ መቀሌ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ናቸው። በ2014 ዓ.ም. ከተማችን በጦርነቱ ተዘግታ የደም ግፊት መድኃኒት በጠፋበት ወራት ስትሮክ ጣላቸው። ከዚያ በኋላ ውዳሴ ማርያምን ሳይሳሳቱ እየደገሙ፥ «ብዕር አቀብሉኝ» ለማለት ቃሉ ይጠፋቸው ነበር። ትግርኛቸው ቀድሞ ተመለሰ፤ ደብዳቤ የሚጽፉበት ዐማርኛ ዘገየ።

ወደ ሥራ ሲመለሱ የከበዳቸው የባልደረቦቻቸው ደግነት ነው። አንድ ቃል ሲፈልጉ ሦስት ሰው ይጨርስላቸዋል፤ የተጨረሰውም ያሰቡት አይደለም። ስለዚህ ዝም አሉ። ዝም ሲሉም «አይገባቸውም፥ ጡረታ ይውጡ» ተባለ።

እኛም ማታ ማታ ተራ ገብተን አብረናቸው ተቀመጥን። «መዝገቡን አይቼ እነግርዎታለሁ»፥ «እባክዎ በቀስታ ይድገሙልኝ» የመሳሰሉትን የዘወትር ቃላት በካርድ ጽፈን አለማመድናቸው። ባለጉዳይ እየመሰልን ጠየቅናቸው። ለአለቃቸውም ሦስት ነገር ለመንን፦ የስብሰባው ጉዳይ ከአንድ ቀን በፊት በጽሑፍ ይድረሳቸው፤ አንድ ሰው ብቻ በየተራ ይናገር፤ መልሳቸውን በጽሑፍ መስጠት ይፈቀድላቸው። አለቃውም ተቀበሉ።

ዛሬ አቦይ ከሰዓት በኋላ ስለሚደክማቸው ባለጉዳይ የሚያነጋግሩት ጧት ጧት ነው። የፊት ገጽታና የእጅ ምልክት የማይታይበት ስልክ ግን አሁንም ያስቸግራቸዋል፤ እርሱን ሌላ ሰው ያነሣል። መዝገቡ ግን በእጃቸው ነው።

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፥ ነገ ብዙዎቻችን የመሥሪያ ቤት አለቆች እንኾናለን። ይህ ሁሉ ገንዘብ አላስወጣም፤ የፈለገው ትዕግሥት ብቻ ነው። ቃል የጠፋው ባልደረባ ሲያጋጥመን ቃሉን እስኪያገኝ እንጠብቀው።