መቼ?

እናቴ ለእህቴ ያቀረበችውን የመጀመሪያ ጥያቄ በትክክል አልተረጎምኩትም።

አጋሮ ነን፤ ከጅማ ወደ ምዕራብ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ። ኅዳር ስለሆነ ደጃችን ላይ ቡና ለፀሐይ ተሰጥቷል። እህቴ ከአሜሪካ አሳዳጊዎቿ ጋር መጥታለች፤ ከወላይታ የወሰዱት ወንድሟም አብሯቸው አለ። ጠዋት ጅሬን ወጥተው የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አይተው፣ ሲወርዱ ደግሞ የጅማ በርጩማ ገዝተዋል። እናቴ መኪናው ውስጥ ስታየው፣ «ቤቷ ሙሉ በርጩማ እያለ!» ብላ ሳቀች።

በ2000 ዓ.ም. ስትሄድ እሷ 3 ዓመቷ፣ እኔ 11። አባታችን ከሞተ ዓመት አልሞላውም ነበር። ከድርጅት የመጣ ሰውዬ «ጉዲፈቻ ነው» አለ፤ እናቴም አሻራዋን አሳረፈች።

ጉዲፈቻ የኦሮምኛ ቃል ነው። አሳድጎ የራስ ማድረግ እንደ ማለት ነው። እናቴ ግን ቃሉን የምታውቀው በአጎቷ ነው፤ በጉዲፈቻ ሌላ ቤት ያደገ፣ በዓል በመጣ ቁጥር ሁለቱም ቤት የሚበላ፣ ሁለቱንም አባቶቹን የቀበረ ሰው። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕጋችንም የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ትስስር እንደማይቋረጥ ይደነግጋል። በአሜሪካ ሕግ ግን ይኸው ትስስር በአብዛኛው እዚያው ላይ ያበቃል። ሶፍትዌር ነው የምሠራው፤ ኮድ ውስጥ አንድ ስም ለሁለት የተለያየ ነገር ብትሰጥ ኮምፓይለሩ ወዲያው ይጮህብሃል። ያን ቀን እኛ ቤት የጮኸ የለም። ፓርላማው ለውጭ አገር ሰው በጉዲፈቻ መስጠትን የከለከለው በ2010 ዓ.ም. ነው፤ ለእኛ 10 ዓመት ዘግይቶ።

እናቴ ያለችው ይህን ነበር፦ «ትምህርቷን ስትጨርስ ነው አይደል የምትመለሰው?»

እኔ ደግሞ «ትምህርት እንዴት ነው እያለችሽ ነው» አልኳት። እህቴ ደስ ብሏት ስለ ኮሌጇ አሥር ደቂቃ ያህል አወራች። እናቴ ፈገግ እያለች አዳመጠች። መልሱ ሲረዝምላት «አዎ» የተባለች መሰላት።

አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀዳ እህቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ለምን እንደሰጠችኝ ጠይቅልኝ» አለችኝ።

ጠየቅኩ። እናቴ ጀበናውን አስቀመጠችና፣ «አልሰጠኋትም። ላክኋት እንጂ» አለች።

ይህን እንዳለ ተረጎምኩት። ፈረንጇ እናቷ ስኒዋን መሬት አስቀምጣ ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች፤ ለእሷ «ወላጇ ሁሉን ተረድታ ፈርማለች» ነበር የተባለችው። ወንድምየው ተነሥቶ ወደ ቡናው ወጣ። የእሱ ተራ ከሁለት ቀን በኋላ ነው።

እህቴ አላለቀሰችም። ትንሽ ዝም ብላ፣ «ቅድም ስለ ትምህርት የጠየቀችኝ... እሱን ነው?» አለችኝ።

«አዎ። ይቅርታ።»

«በኦሮምኛ እመጣለሁ ምንድነው?»

«ነን ዱፋ።»

«እመለሳለሁስ?»

«ነን ዴቢአ።»

ሁለቱንም ለብቻዋ ደጋግማ አለቻቸው። ከዚያ ወደ እናቴ ዞራ የመጀመሪያውን ተናገረች።

እናቴ የእህቴን እጅ ያዘችና፣ «ዮም?» አለች። መቼ?