አተላ የሚጭን ባቡር
ከሞዓብ እስከ ክሬሰንት ጃንክሽን

መጽሐፈ ሩትን ያነበበ ሁሉ የሞዓብን ስም ያውቃል። ዛሬ ግን የምመራዎ ሩት ወደ ተነሣችበት ወደ ሙት ባሕር ማዶ አይደለም፤ በሰሜን አሜሪካ፥ በዩታ ግዛት ወደምትገኘው ወደ ሌላይቱ ሞዓብ ነው። ለዚህ ጉዞ ትኬትም ስንቅም አያስፈልግም፤ ካርታ ዘርግቶ ጣትን በኮሎራዶ ወንዝ ላይ ማስኬድ ይበቃል። የአሜሪካው ታሪክ ዘመኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ግን አስቀድሜ ላስታውስዎ።

አገሩ ደረቅ፥ አፈሩም ቀይ ነው። ከከተማይቱ በስተሰሜን ባለው አርችስ በተባለው ብሔራዊ ፓርክ ውሃና ውርጭ ዓለቱን እየቦረቦሩ ከ2000 የሚበልጡ የድንጋይ ቅስቶች ሠርተዋል። ይህን ለማየት ሰው ከዓለም ዙሪያ ይጎርፋል። በዚሁ ምድረ በዳ መካከል የኮሎራዶ ወንዝ ይፈስሳል፤ የወንዙ ተፋሰስ 40 ሚሊዮን ገደማ ለሚሆን ሕዝብ ውሃ ይሰጣል። በዚህ ወንዝ ዳር፥ ከከተማይቱ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ፥ እግዚአብሔር ያልፈጠረው፥ ሰው የከመረው አንድ ጋራ ቆሞ ነበር። የምንጓዘው የዚያን ጋራ ዱካ ተከትለን ነው።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ችግረኛ ሰው ነው። ቻርሊ ስቲን የተባለ የጂኦሎጂ ባለሙያ ሚስቱንና ልጆቹን በአንዲት ጎጆ አስቀምጦ ዩራኒየም ይፈልግ ነበር። በዚያን ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት ለአቶሚክ ቦምቡ ሥራ ዩራኒየምን በደህና ዋጋ ይገዛ ነበርና ብዙ ሰው በረሃ ለበረሃ ይንከራተታል። ስቲን ግን ጋይገር የሚባለውን የጨረር መለኪያ እንኳ የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም። በ1952 ከሞዓብ በስተደቡብ ምሥራቅ ቆፍሮ ያወጣውን ጥቁር ድንጋይ ይዞ ሲስኮ ወደምትባል መንደር ሄደ፤ በቤንዚን ማደያው በተገኘ መለኪያ ቢሞክሩት መሣሪያው ጮኸ። ያ ጥቁር ድንጋይ ዩራኒየም ነበረ። ስቲን ማዕድኑን ሚ ቪዳ ብሎ ሰየመው፤ በእስፓኝ ቋንቋ «ሕይወቴ» ማለት ነው። በ1956 ማዕድኑ የሚፈጭበት ፋብሪካ ከወንዙ ዳር ተከፈተ፤ ትንሿም ከተማ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሰው ተጨናነቀች።

ጠላ የሚጠመቅበት ቤት የሚከተለውን በቀላሉ ይረዳዋል። ጠላው ከተጠለለ በኋላ አተላው ይቀራል። ዩራኒየምም እንዲሁ ነው፤ ከሺህ ኪሎ ድንጋይ የሚገኘው ጥቂት ኪሎ ብቻ ሲሆን፥ የቀረው ተፈጭቶና በኬሚካል ታጥቦ እንደ አሸዋና እንደ ጭቃ ሆኖ ይጣላል። የጠላው አተላ ለከብት ይሰጣል። የዩራኒየሙ አተላ ግን ለማንም አይሰጥም፤ በድንጋዩ ውስጥ ከነበረው ጨረር አብዛኛው ከአተላው ጋር ይቀራልና። በውስጡ ያለው ራዲየም ኃይሉ በግማሽ ለመቀነስ 1600 ዓመት ያህል ይፈልጋል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜና ከዚያም በኋላ ራዶን የተባለውን ጎጂ ጋዝ ሲያመነጭ ይኖራል።

ፋብሪካው በ1962 ወደ አትላስ ኩባንያ ተላለፈ፤ እስከ 1984 ድረስም ሠራ። ሲዘጋ 16 ሚሊዮን የአሜሪካ ቶን አተላ በወንዙ ዳር ተከምሮ ቀረ። ስፋቱ ከአንድ ጋሻ መሬት ይበልጥ ነበር፤ ከፍታው ወደ 25 ሜትር ይደርስ ነበር። ከሥሩ የሚንጠባጠበው አሞኒያ በከርሰ ምድሩ ውሃ አድርጎ ወደ ወንዙ እየገባ ለዓሣ ጫጩቶች አደገኛ ሆነ። የፋብሪካው ሕንጻ ሲፈርስም ቁርጥራጩ ብረትና ሲሚንቶ በዚያው ግቢ ተቀበረ። በ1998 ኩባንያው ከሠረ። ለጽዳቱ ያስያዘው ገንዘብ ለሥራው የሚበቃ አልነበረም፤ ስለዚህ በ2001 ቦታው ከነሸክሙ ወደ መንግሥት የኢነርጂ መሥሪያ ቤት ዞረ። ትርፉን የተካፈሉት ጥቂቶች ነበሩ፤ ዕዳውን ለመክፈል ግን አገር በሙሉ ተጠራ።

ከዚያም ምክር ተያዘ። አንዱ ሐሳብ ክምሩን በነበረበት በአፈርና በድንጋይ መሸፈን ነበር፤ ይህም ወጪው ያነሰ ነው። ዳሩ ግን ወንዝ መሄጃውን ይለውጣል፤ ጎርፍም ይመጣል። በ2005 ክምሩ ከሥር ተነሥቶ ከወንዙ እንዲርቅና በአብዛኛው በባቡር እንዲጓዝ ተወሰነ። በካሚዮን ማጓጓዝና በውሃ በጥብጦ በቧንቧ መስደድም አስቀድሞ ተመርምሮ ነበር። ባቡሩ ግን አንድ ትልቅ ብልጫ ነበረው፤ ለፖታሽ ማዕድን ተብሎ በ1960ዎቹ የተዘረጋው ሐዲድ በክምሩ አጠገብ ያልፋል። ያን ሁሉ ሸክም በካሚዮን ቢያደርጉት ኖሮ ጎብኚ የሚተላለፍበት ጎዳና ሌሊትና ቀን ከካሚዮን ጋር ሲጋፋ በኖረ ነበር። ሚያዝያ 2009 የመጀመሪያው ባቡር ተንቀሳቀሰ።

አሁን ጭነቱን እንመልከት። የክምሩ መካከል እርጥብ ጭቃ ስለ ነበረ እንደ ብቅል ተዘርግቶ እየተገለባበጠ ይደርቃል፤ አለዚያ በሚቀበርበት ስፍራ ደልዳላ ሆኖ አይጠቀጠቅም። አቧራው እንዳይነሣ ውሃ ይርከፈከፍበታል። ከዚያም ክዳን ባላቸው የብረት ሣጥኖች ይሞላል፤ አንዱ ሣጥን ከ30 ቶን በላይ ይይዛል። ሐዲዱ የሚያልፈው ከክምሩ በላይ በጋራው ወገብ ላይ ስለሆነ ካሚዮኖች ሣጥኖቹን ሽቅብ ያወጧቸዋል፤ በአንድ ፉርጎ ላይ አራት አራት ይደረደራሉ። የጋራው ወገብ ግን አደጋ አያጣውም፤ በ2014 መጨረሻ ድንጋይ ስለ ተናደ ባቡሩ ለጥቂት ወራት መቆም ግድ ሆኖበት ነበር።

የፈረሰው ፋብሪካ ቁርጥራጭ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። አሸዋ የተሰጠውን ሣጥን ይሞላል፤ ምሰሶና የሲሚንቶ ግንብ ግን እየተቆረጠና እየተሰበረ በልክ መዘጋጀት አለበት። በሚቀበርበትም ጊዜ በብረቱ መካከል ባዶ ቦታ ከቀረ ውሎ አድሮ መሬቱ ይሰምጣል፥ ክዳኑም ይሰነጠቃል። ስለዚህ በዙሪያው አፈር እየተጠቀጠቀ ቀዳዳው ሁሉ ይደፈናል። ፍርስራሽን መቅበር ጉድጓድ መቆፈር ብቻ እንዳይመስልዎ።

የጉዞው ርቀት 48 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ቢሾፍቱ ከመድረስ ብዙም አይለይም። ባቡሩ ቀዩን ገደል ወደ ኋላ ትቶ ወደ ሰሜን ያቀናል፤ ምድሩ እየገረጣና እየተራቆተ ይሄዳል። ቡክ ክሊፍስ የተባለው ረጅም ገደል ከፊት ሲታይ ክሬሰንት ጃንክሽን ተደረሰ ማለት ነው። እዚህ መንገድና ሐዲድ ይገናኛሉ እንጂ ከተማ የሚባል ነገር የለም። ስፍራው የተመረጠበት ምክንያት ከመሬቱ በታች ነው፤ ከ700 ሜትር በላይ ውፍረት ያለው፥ ውሃ በቀላሉ የማያሳልፍ የሸክላ ድንጋይ ተነጥፏል። ሣጥኖቹ ከፉርጎው ወርደው ወደ ሰፊው ጉድጓድ ይሄዳሉ። አፈሩ ይገለበጣል፤ ቡልዶዘር በስሱ ይዘረጋዋል፤ ከባድ መዳመጫ ይጠቀጥቀዋል፤ በላዩም ወፍራም የአፈርና የድንጋይ ክዳን ይደረግበታል። ባዶዎቹ ሣጥኖች ለሚቀጥለው ጭነት በመጡበት ሐዲድ ይመለሳሉ።

ሂሳብ የሚወድ አንባቢ እርሳሱን ያንሣ። አንድ ባቡር ሙሉ ጭነቱ 144 ሣጥን ቢሆን፥ በአንድ ጉዞ ከ4000 ቶን በላይ ይወስዳል። ለ16 ሚሊዮን ቶን ከሦስት ሺህ የሚበልጥ ምልልስ ያስፈልጋል። እኩሌታው የተፈጸመው በ2016 ነው። ሃያ ስምንት ዓመት በተፈጨበት ቦታ፥ አተላውን ለማንሣት ብቻ ከአሥር ዓመት እጅግ የሚበልጥ ጊዜ ወሰደ።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት የሰው አገር ሥራ ለማድነቅ ብቻ አይደለም። በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፥ ቆሼ በሚባለው ስፍራ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ወገኖቻችን ሞተዋል። የቆሼ ክምር የዩራኒየም አተላ አልነበረም፤ መድኃኒቱም አንድ ዓይነት አይሆንም። የሁለቱ ክምሮች አስተዳደግ ግን ይመሳሰላል። ሁለቱም የተነሡት «ለጊዜው እዚህ ይቀመጥ» በሚል ቃል ነው።

እርስዎ ተማሪ ቢሆኑ ነገ መሐንዲስ ወይም ሐኪም ይሆናሉ፤ የመንግሥት ሠራተኛ ቢሆኑ ደግሞ ስለ አንድ ፋብሪካ ወይም ስለሚፈርስ ሰፈር የተጻፈ መዝገብ አንድ ቀን ከጠረጴዛዎ ይደርሳል። የዚያን ጊዜ ሦስት ነገር ይጠይቁ፤ ትርፍራፊው ወዴት ይሄዳል? የሚሄድበት ስፍራ ተዘጋጅቷልን? ወጪውንስ የሚችለው ማን ነው? የሞዓብ ፋብሪካ ሲከፈት እነዚህ ጥያቄዎች ተጠይቀው ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ባቡር ባላስፈለገ ነበር።

የአሜሪካ ሕግ እንዲህ ያለው መቃብር ቢቻል አንድ ሺህ ዓመት፥ ቢያንስ ደግሞ ሁለት መቶ ዓመት እንዲጸና ያዝዛል። ስለዚህ በክሬሰንት ጃንክሽን የሚያልፍ መንገደኛ ከቡክ ክሊፍስ ግርጌ በድንጋይ የተከደነውን ሜዳ ሲያይ፥ ባቡሩ ሥራውን ቢጨርስም የዘበኛው ሥራ ገና መጀመሩ እንደሆነ ይወቅ።