ያን ሌሊት ለልጄ የሰጠሁት ሲረፕ፦ ስለ አንጀት ባክቴሪያና ስለ ልጆች አለርጂ

ዛሬ የምጽፍላችሁ እንደ ሐኪም ብቻ ሳይሆን እንደ እናትም ነው።

ልጄ የተወለደችው በቀዶ ሕክምና ነው። በስምንት ወሯ ጉንፋን ያዛት። በሦስተኛው ሌሊት አፍንጫዋ ተዘግቶ ስታለቅስ እኔም አብሬያት አለቀስኩ። ሳንባዋን አዳመጥኩ፤ ንጹሕ ነው። አተነፋፈሷ ደህና ነው፣ ጡትም ትጠባለች። ቀን ቀን ለእናቶች «ጉንፋን በቫይረስ የሚመጣ ነው፣ አንቲባዮቲክ አይሠራለትም» የምለው እኔ፣ ያን ሌሊት አሞክሳሲሊን በጥብጬ ሰጠኋት። መድኃኒቱ ለእሷ ሕመም አልነበረም፤ ለእኔ ጭንቀት ነበር።

ዓመት ሳይሞላት ጉንጯ መቅላት፣ ቆዳዋ መድረቅ ጀመረ። ቆይቶ የክርኗና የጉልበቷ እጥፋት ላይ ወጣ። ሌሊት እያከከች ትነቃለች። ችፌ ነበር። ያኔ አእምሮዬ ውስጥ አንድ ጥያቄ ገባ፦ «እኔ ነኝ ያመጣሁባት?»

ይህን ጥያቄ ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር ትጠይቁኛላችሁ። ስለዚህ የምናውቀውን በቅደም ተከተል ላስረዳ።

አንጀታችን ውስጥ በትሪሊዮን የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። አብዛኞቹ ጠላት አይደሉም። ሕፃን ሲወለድ ከእናቱ፣ ከጡት ወተት፣ ከቤተሰቡና ከአካባቢው እየወሰደ የራሱን ስብስብ ይገነባል። ይህ ግንባታ በአብዛኛው እስከ ሦስት ዓመቱ ድረስ ይካሄዳል። የሰውነት መከላከያም ትምህርት ቤት የሚገባው በዚሁ ጊዜ ነው፦ ማን ጠላት ነው፣ ማንን ማለፍ አለብኝ የሚለውን ይማራል። ባክቴሪያዎቹ የምግብ አሰርን (ፋይበርን) ሲያብላሉ የሚያመርቷቸው ንጥረ ነገሮች ቁጣን የሚያበርዱ የመከላከያ ሴሎች እንዲበዙ ያግዛሉ። አለርጂ ማለት ደግሞ በተቃራኒው መከላከያችን ጉዳት የሌለውን እንቁላል፣ ወተት ወይም አቧራ እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲዘምትበት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1989 ዴቪድ ስትራካን የተባለ ብሪታንያዊ ተመራማሪ ከ17,000 በላይ የብሪታንያ ልጆችን መረጃ ሲያይ፣ ታላላቅ ወንድምና እህት ያላቸው ልጆች የአፍንጫ አለርጂ ብዙም እንደማይይዛቸው አስተዋለ። በእኛም አገር በጅማ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት፣ አስም ከገጠሩ ይልቅ በከተማው በዝቶ አግኝቷል። የካናዳ ተመራማሪዎችም እ.ኤ.አ. በ2015፣ በኋላ ለአስም የተጋለጡ ሕፃናት ገና በሦስት ወራቸው አንዳንድ የአንጀት ባክቴሪያዎች አንሰውባቸው እንደነበር አሳይተዋል።

እናቴ ይህን ሳነብላት «እኛ እኮ እናንተን አፈር ላይ ነው ያሳደግናችሁ» ብላ ሳቀች። ግማሽ እውነት አላት። ግማሹ ግን አደገኛ ነው፤ ያው አፈርና ያልተጣራ ውኃ በተቅማጥ ስንቱን ልጅ ወስዷል። እጅ መታጠብና ንጹሕ ውኃ አይቀሩም። ጥሬ ወተትም ነቀርሳና ብሩሴላ ያስተላልፋልና አፍልታችሁ ስጡ።

ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። በሕፃንነት አንቲባዮቲክ መውሰድና በቀዶ ሕክምና መወለድ ከአለርጂና ከአስም ጋር ተያይዘው በብዙ ጥናቶች ታይተዋል። መያያዝ ግን ምክንያት መሆን አይደለም። ለምሳሌ አስም ሊጀምረው ያለ ሕፃን ቶሎ ቶሎ ስለሚያስል ከሌላው ይልቅ አንቲባዮቲክ ይታዘዝለታል። የዘር ተጋላጭነትም አለ፤ ባለቤቴ በአቧራ ወቅት እያስነጠሰው ነው የሚከርመው። ስለዚህ የልጄን ችፌ ያ ሲረፕ አመጣው ማለት አልችልም። ማለት የምችለው ሳያስፈልጋት እንደሰጠኋት ነው።

ጥፋተኝነት ግን ወደ ሌላ ስህተት ይመራል። አንዲት እናት የአንድ ዓመት ተኩል ልጇን ይዛ መጣች። ችፌ ስላለበት ጎረቤት የነገራትን ሰምታ እንቁላሉን፣ ወተቱን፣ ኦቾሎኒውን ሁሉ ከልክላዋለች። ችፌው አልጠፋም፤ ክብደቱ ግን ከሚጠበቀው በታች ወርዷል። «የምሰጠው ነገር ጠፋኝ ዶክተር» ብላ አለቀሰች። ያለ ምርመራ ምግብ መከልከል ልጁን ያቀጭጨዋል፣ ጭራሽ ለምግቡ አለርጂ እንዲፈጠርም ሊያደርግ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2015 ለንደን ላይ ከ600 በላይ ተጋላጭ ሕፃናት ላይ የተሠራ ጥናት፣ ኦቾሎኒ ከሕፃንነታቸው ጀምረው የበሉት ከተከለከሉት ይልቅ የኦቾሎኒ አለርጂያቸው ከ80 በመቶ በላይ ቀንሶ አግኝቷል። መከላከያው የሚማረው በአፍ በኩል ሲተዋወቅ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. እንገሩን አትድፉት። እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ ስጡ፤ ቅቤም፣ የአብሽ ውኃም፣ የስኳር ውኃም አያስፈልግም። የእናት ወተት ውስጥ ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች ለመመገብ ብቻ ያለ ስኳር አለ። ጡት ማጥባት ያልሆነላችሁ እናቶች ግን ራሳችሁን አትውቀሱ።

2. ለጉንፋን አንቲባዮቲክ ከፋርማሲ ገዝታችሁ አትስጡ። ሐኪም ካዘዘው ግን በአግባቡ ጨርሱ። የሳንባ ምች ይገድላል፤ አንቲባዮቲክ ያድናል። ልጁ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ መጥባት ካቃተው፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ከደነዘዘ ሳትዘገዩ ውሰዱት።

3. ከስድስት ወር በኋላ ምግቡን አብዙለት፦ በደንብ የበሰለ እንቁላል፣ ሽሮ፣ ምስር፣ አትክልት፣ ከፈላ ወተት የተሠራ እርጎ። ኦቾሎኒ ልሞ ተፈጭቶ እንጂ ፍሬው አይሰጥም፤ ያንቃል። ከባድ ችፌ ያለበት ልጅ ግን ኦቾሎኒና እንቁላል ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ይየው። እንጀራ ስለቦካ ባክቴሪያ ይሰጣል የሚሉ አሉ፤ ባክቴሪያው ምጣዱ ላይ ይሞታል፣ ጥቅሙ የጤፉ አሰር ነው።

4. ችፌ ካለ በቀን ሁለት ጊዜና ከገላ በኋላ ወዲያው ቫዝሊን ቀቡ። ሽታ ያለው ሳሙናና ሎሽን ተዉ።

5. ምግብ በበላ በደቂቃዎች ውስጥ ከንፈሩ ካበጠ፣ ሰውነቱን ሽፍ ካደረገው፣ ካስመለሰው ወይም ትንፋሽ ካጠረው ድንገተኛ ነው፤ ሩጡ።

ልጄ አሁን አምስት ዓመቷ ነው። እንቁላሏን ትበላለች፣ ጭቃም ታቦካለች፣ ገብታ እጇን ትታጠባለች። ቆዳዋ በበጋ ይደርቃል፤ ማታ ማታ ቫዝሊኑን ራሷ ታመጣልኛለች። ባለፈው ወር እንደገና ጉንፋን ይዟት ሌሊቱን አብረን ነቃን። መድኃኒት ሳጥኑን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። አፍንጫዋን በጨው ውኃ አጥቤ፣ ውኃ አጠጥቼ አቀፍኳት። በአምስተኛው ቀን ትጫወት ነበር።

ዛሬ ሌሊት በጉንፋን ከሚያለቅስ ልጅ ጋር የምትነቃ እናት ታውቃላችሁ? ይህን አካፍሏት። ጥያቄያችሁን ከሥር ጻፉልኝ።

ጤናችሁ ይብዛ!