የመጸው እንግዶች

የምኖረው በጅቡቲ አገር፣ ኦቦክ በምትባለው አነስተኛ የወደብ ከተማ ነው። ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። ቤቴ በባሕሩ ዳር ስለሆነ የስፌት መኪናዬን በረንዳው ላይ አውጥቼ ስሠራ ከማዕበሉ የሚለየኝ አሸዋው ብቻ ነው። በአገራችን ደጋ አደይ አበባ ፈክቶ መጸው በሚገባበት ወራት፣ በዚህም ሲያቃጥል የከረመው ንዳድ ቀስ በቀስ ይበርዳል፤ የሩቅ አገር ወፎችም መምጣት ይጀምራሉ።

ጧት ባሕሩ ሲሸሽ የሚገለጠው እርጥብ አሸዋ ገበያ ይመስላል። ላባው ነጭና ጥቁር፣ እግሩ ረጅም የሆነ ወፍ በወፍራም መንቆሩ ሸርጣን እየለቀመ ይበላል። ዓሣ አዳኙ ንስር ከላይ ተወርውሮ እግሩን አስቀድሞ ውሃው ውስጥ ይገባል። አልፎ አልፎም ዶልፊኖች ከጥልቁ ብቅ እያሉ ጀርባቸውን ያሳያሉ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን የንስሮችና የጭልፊቶች ጉዞ ነው። ከኤውሮፓና ከእስያ ተነሥተው በዐረብ ምድር በኩል ወደ አፍሪካ ይመጣሉ። እነዚህ ትላልቅ ወፎች ክንፋቸውን ዘርግተው የሚንሳፈፉት፣ ፀሐይ ያሞቀችው አየር ከምድር ወደ ላይ ሲያነሣቸው ነው። በባሕር ላይ እንዲህ ያለ አየር እምብዛም ስለማይገኝ፣ ሰፊውን ባሕር ትተው ከኦቦክ በስተ ሰሜን ያለውን ጠባቡን የባብ ኤል መንደብ ሰርጥ ይመርጣሉ። በ1980 ዓ.ም. መጸው ተመልካቾች ከ240 ሺህ በላይ የሚሆኑትን ሲሻገሩ ቆጥረዋል።

በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ታናሽ ወንድሜ ከወሎ መጥቶ ዘጠኝ ቀን እንግዳዬ ሆነ። «ናፍቀኸኝ ነው የመጣሁት» አለኝ፤ እኔም አመንኩት። ጧት ጧት ከጎኔ እየተቀመጠ ወፎቹን ይመለከት ነበር። የሚያዳምጠኝ ሰው በማግኘቴ ተደስቼ የእያንዳንዱን ጠባይ አስረዳው ነበር። አንድ ቀን ዐይኑን ከአድማሱ ሳይነቅል፣ «ጋሼ፣ ወፎቹ የሚሻገሩበት ባሕር ስፋቱ ምን ያህል ነው?» ሲል ጠየቀኝ። «ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው» ብዬ መለስኩለትና ስለ ንስሮቹ ብልኀት ማውራቴን ቀጠልኩ። እርሱ ግን ሌላ ጥያቄ አልጨመረም።

በዐሥረኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ ብነሣ መኝታው ባዶ ነበር። ሌሊቱን በጀልባ ወደ የመን ከሚሻገሩ ወጣቶች ጋር መሄዱን ዓሣ አጥማጆች ነገሩኝ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም።

ወፎቹ ግን ዛሬም ወራታቸውን ጠብቀው ይመጣሉ፤ እኔም መመልከቴን አልተውኩም። ሆኖም በደጄ በኩል ወደ ባሕሩ የሚያልፍ እንግዳ ወጣት ያየሁ እንደ ሆነ፣ ዐይኔን ከሰማዩ መልሼ እጠራዋለሁ። ውሃ አጠጣዋለሁ፤ አጠገቤም አስቀምጬ ወዴት እንደሚሄድ፣ እናቱም ታውቅ እንደ ሆነ እጠይቀዋለሁ። ወንድሜን በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት ሳልጠይቀው የቀረሁት ይህንኑ ነበር።