የመቄት እርከኖች

ከወልዲያ ተነስተን ሽቅብ ወጣን። መኪናው የድልብን ዳገት እያቃሰተ ጨረሰ። ጋሸና ስንደርስ ብርዱ ፊታችንን ገረፈው። ከዚያ ወደ ቀኝ የታጠፈ ላሊበላ ይሄዳል። እኛ ግን ቀጥ ብለን ወደ መቄት አመራን። ፍላቂት ላይ ወርደን በእግር ተጓዝን።

አገሩ ደጋ ነው። አፈሩ ታጥቦ በየቦታው ድንጋዩ ወጥቷል። በልጉም አንዱን ዓመት ይመጣል፣ ሌላውን ይቀራል። በተራራው ወገብ ላይ ግን እንደ መቀነት የተጠመጠመ እርከን አየን። ይህን ሁሉ ድንጋይ ማን ደረደረው?

የደረደሩት የአገሩ ሰዎች ናቸው። በ1997 ዓ.ም. መንግሥት ከለጋሽ አገሮች ጋር ሆኖ ሴፍቲኔትን ጀመረ። ቀድሞ እርዳታ የሚመጣው ረሀብ ከገባ በኋላ ነበር። በሴፍቲኔት ግን በየዓመቱ እህል የሚያጥረው ቤተሰብ እየሠራ ለ6 ወር ይረዳ ጀመር። ለአንድ ሰው በወር 5 ቀን ሥራ ይታሰባል። መሥራት የማይችል አዛውንት ሳይሠራ ያገኛል።

እስቲ አብረን እናስላ። በእህል ሲከፈል ለአንድ ቀን 3 ኪሎ ነበር። በ5 ቀን 15 ኪሎ ይሆናል። ቤተሰቡ 4 ሰው ከሆነ በወር 60 ኪሎ ነው። በ6 ወር 360 ኪሎ! በሬውን ሳይሸጥ ክረምት የገባ ገበሬ ጥቅሙን ያውቀዋል።

በብር ሲከፈል ነገሩ ሌላ ሆነ። መጀመሪያ ለአንድ ቀን 6 ብር ነበር። በ2000 ዓ.ም. 8 ብር ሆነ። ታዲያ በዚያው ዓመት የእህል ዋጋ ሰማይ ነካ። 8 ብር 3 ኪሎ እህል አልገዛ አለ። ብዙ ሰውም ከብሩ እህሉን መረጠ። አልተሳሳተም እንላለን። ክፍያው የሚዘገይበትም ጊዜ ነበር። የግንቦቱ ሐምሌ ላይ ቢመጣ ምን ያደርጋል? ዘሩ ተበልቶ አልቋል።

ማን ይግባ የሚለውን ከነዋሪው የተመረጠ ኮሚቴ ይለያል። የስም ዝርዝሩም ለሕዝብ ይቀርባል። ቅር ያለው ሰው ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ያመለክታል። ማንበብ የቻለ ሰው ስሙን፣ የቤተሰቡን ቁጥርና የሠራበትን ቀን ማንንም ሳይለምን ራሱ ያያል።

ወደ ማታ ጎርፍ የጣሰው እርከን አገኘን። ድንጋዩ እታች ማሳ ላይ ተበትኗል። የማሳው ባለቤት፣ አንድ አባት፣ ማንም ሳይከፍላቸው ድንጋዩን እየለቀሙ ይመልሱ ነበር። እኛም ጓዛችንን አስቀምጠን እስኪመሽ ድረስ ድንጋይ አቀበልናቸው።